በጋራ እንግሊዝኛ መገበያየት፤ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገበያ አንጻር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ በደጀን በኩል የሚሻገረው አውራ ጎዳና ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን ካለፈ በኋላ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል፤ ከዚያም ጥቂት ተጉዞ ቡሬ ይገባል። በቡሬ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንደኛው ወደ ባሕር ዳር ሲያቀና ሁለተኛው እንደገና ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ነቀምቴ ይሻገራል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሚመረተው በቆሎ፥ በርበሬ፥ ጤፍ፥ ስንዴ፥ ዳጉሳ፥ ኑግና ማር ከጥንት ጀምሮ የነጋዴን እግር ሲስብ የኖረ ሀብት ነው።

ይህ ሀብት ከአገር ውስጥ ገበያ ዐልፎ ወደ ውጭ አገር እንዲሄድ በታሰበ ጊዜ ግን፥ ነጋዴው ከሚዛንና ከጆንያ ሌላ አንድ መሣሪያ ማዘጋጀት ግድ ይሆንበታል፤ ይኸውም ቋንቋ ነው። ኑግ የሚጠይቀው ደንበኛ በአሜሪካ፥ ጥራጥሬ የሚጠይቀው በሕንድ፥ የቅባት እህል የሚጠይቀው በቻይና ይገኛል። በ2013 ዓ. ም. በቡሬ የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቁ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ከተመረቁ ወዲህ ደግሞ ስለ ማሽንና ስለ መለዋወጫ ዕቃ ከባዕድ ባለሙያ ጋር መነጋገር ለወደብ ከተማ ሰዎች ብቻ የተተወ ጉዳይ አልሆነም። ንግግሩ ሁሉ የሚፈጸመው በእንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን ከሻጩም ከገዢውም ወገን እንግሊዛዊ የለም፤ አንዱ በአማርኛ ያስባል፥ ሌላው በቻይንኛ ወይም በጉጅራቲ ወይም በቱርክኛ ያስባል፤ ሁለቱም የሚገናኙት የማንኛቸውም የእናት ቋንቋ ባልሆነው ሥፍራ ላይ ነው።

ይህ ሁኔታ የእኛ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ እንግሊዝኛ ከሚናገሩት ሰዎች መካከል ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር ያገኙት ጥቂቶቹ ሲሆኑ፥ በትምህርትና በሥራ የተማሩት በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ስለዚህ ለንግድ ሰው ተገቢው ጥያቄ «እንግሊዝኛዬ እንደ ለንደን ሰው ያማረ ነውን?» የሚለው ሳይሆን፥ «ያልሁት ነገር እንዳልሁት ደርሶ እንደ ሆነ በምን ዐውቃለሁ?» የሚለው ነው። ያማረ እንግሊዝኛ ኖሮት ያልተግባባ ነጋዴ ይከስራል፤ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ኖሮት ነገሩን መርምሮ ያረጋገጠ ግን ገንዘቡን ይሰበስባል።

ከባሶ ገበያ ጀምሮ

የጎጃም ነጋዴ በሰው ቋንቋ መገበያየትን የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከቡሬ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፥ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ ጨውና ጨርቅ ጋር የሚገናኝበት ታላቅ ሥፍራ ነበር። በ1830ዎቹ ዓ. ም. በጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ጽፎ ለአገሩ የንግድ ሰዎች አስታውቋል። በዚያ ገበያ አማርኛ፥ ኦሮምኛና ዐረብኛ ይሰሙ ነበር፤ ወንዝ ተሻግሮ የሚነግድ ሰው የማዶውን ቋንቋ የሚማረው ሊቀኝበት ሳይሆን ዋጋ ሊቈርጥበት ነበር።

እንግሊዝኛም ወደ ጎጃም ትምህርት ቤቶች ሲገባ ከእንግሊዞች አፍ ብቻ አልገባም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ብዙ መምህራን ከሕንድ አገር፥ በተለይም ከኬረላ የመጡ ነበሩ። በ1955 ዓ. ም. መግቢያ ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች፥ ቍጥራቸው ሦስት መቶ የሚጠጋ፥ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተከፋፈሉ፤ ደብረ ማርቆስም ድርሻዋን አግኝታለች። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አድርጎ አጸና፤ ያን ጊዜ ግን አስተማሪው ራሱ በአብዛኛው የአማርኛ ተናጋሪ ነበር። እንግዲህ የምዕራብ ጎጃም ተማሪ እንግሊዝኛን ከሕንዳዊ፥ ከአሜሪካዊና ከወንድሙ ከኢትዮጵያዊው የቀሰመ ስለሆነ፥ ከሕንድ ገዢ ጋር በስልክ ሲገናኝ የሚሰማው ዜማ ለአካባቢው ጨርሶ ባዕድ አይደለም።

የትኛው ድምፅ ይጎዳል፥ የትኛው አይጎዳም?

ጄኒፈር ጄንኪንስ የተባሉት እንግሊዛዊት የቋንቋ ሊቅ፥ እንግሊዝኛ የእናታቸው ቋንቋ ያልሆነ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ የትኛው የአነጋገር ስሕተት መግባባትን እንደሚያፈርስና የትኛው እንደማያፈርስ መርምረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓመት መጽሐፍ አሳትመዋል። የደረሱበትም ነገር ለእኛ አገር ሰው የሚያጽናና ነው። ምላስን በጥርስ መካከል አውጥቶ የሚነገረውን የእንግሊዞች ድምፅ በ«ት» ወይም በ«ስ» ወይም በ«ዝ» መተካት ከባድ ጕዳት የለውም። በተነባቢዎች መካከል «እ»ን ጣል አድርጎ መናገርም፥ አማርኛ ተናጋሪ እንደሚያዘወትረው ሁሉ፥ ብዙ አያውክም። የሚጐዳው ተነባቢን ፈጽሞ መዋጥ ነው፤ እንዲሁም ረዥሙንና አጭሩን አናባቢ አለመለየት ነው።

በዚህ በመጨረሻው ላይ የአማርኛ ተናጋሪ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አማርኛ የቃልን ትርጕም የሚለየው ተነባቢን በማጥበቅና በማላላት ነው። «ገና» ሲላላ «እስካሁን አልሆነም» ማለት ሲሆን ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ «ዋና» ሲላላ በውሃ ላይ መንሳፈፍ ሲሆን ሲጠብቅ አለቃ ወይም መሠረት ነው። ስለዚህ ጆሮአችን መጥበቅንና መላላትን ለመያዝ የሠለጠነ ነው። እንግሊዝኛ ግን የሚለየው አናባቢውን በማስረዘምና በማሳጠር ነው፤ ፊደላችንም ይህን አይለይልንም። «ሺፕ» ብለን ብንጽፍ ቃሉ መርከብም በግም ሊሆን ይችላል። የቁም ከብት ለሚልክ ነጋዴ «መርከቡ ደረሰ» በማለትና «በጉ ደረሰ» በማለት መካከል ያለው ልዩነት የሳቅ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪየሽን ድርጅት የወሰነው ነው። አብራሪዎችና የበረራ ተቈጣጣሪዎች በሬዲዮ ቍጥር ሲናገሩ ሦስትን «ትሪ»፥ አምስትን «ፋይፍ»፥ ዘጠኝን «ናይነር»፥ ሺህን «ታውዛንድ» እንዲሉ ደንቡ ያዛል። ይህም ማለት እንግሊዛዊው አብራሪ ራሱ የአገሩን አነጋገር ትቶ፥ ለጃፓኑም ለብራዚሉም ለኢትዮጵያዊውም ጆሮ ወደሚመቸው አነጋገር እንዲመጣ ተገዷል ማለት ነው። የሰው ነፍስ በተያዘበት ሥፍራ ውበት ለግልጽነት ቦታውን ለቅቋል።

ቍጥር፥ ቀንና ሰዓት

ለነጋዴ ከቃላት ሁሉ አደገኛው ቍጥር ነው። በእንግሊዝኛ 15 እና 50፥ 16 እና 60፥ እስከ 19 እና 90 ድረስ በስልክ ሲነገሩ በጣም ይመሳሰላሉ። በርበሬ በ15 ቶን የተዋዋለ ሰው 50 ቶን ቢጠበቅበት ጕድለቱን ከየት ያመጣል? የአቪየሽኑ ሰዎች እንዳደረጉት አኃዙን አንድ በአንድ፥ «አንድ አምስት» ብሎ መድገም ይህን ችግር ያስቀራል።

የአቈጣጠር ልማድም ከአገር አገር ይለያያል። ሕንዳዊ ነጋዴ መቶ ሺሕን «ላክ»፥ አሥር ሚሊዮንን «ክሮር» ይላል። ቻይናዊው በአገሩ ቋንቋ የሚቈጥረው በአሥር ሺሕ እያሰረ ስለሆነ፥ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው አንዲት ዜሮ ልትወድቅበት ወይም ልትጨመርበት ትችላለች። ቱርካዊውና ጣሊያናዊው ሺሕን የሚለዩት በነጥብ፥ ክፍልፋይን የሚለዩት በነጠላ ሰረዝ ነው፤ 1.500 ብሎ ቢጽፍልን እኛ አንድ ተኩል ብለን ስናነብ እርሱ አንድ ሺሕ አምስት መቶ ማለቱ ነው። ክብደትም እንዲሁ ነው። የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም፥ የቡና ነጋዴ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም መሆኑን የውጭ ሰው አያውቅም፤ «ቶን» የሚለው ቃል እንኳ 1,000 ኪሎ ግራም የሚሆነው በሜትር ሥርዓት ሲሆን፥ የአሜሪካው አጭር ቶን 907 ኪሎ ግራም፥ የጥንቱ የእንግሊዝ ረዥም ቶን 1,016 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ «ሜትሪክ ቶን» ተብሎ መጻፍ አለበት።

የቀን ጉዳይ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ከማንም ይልቅ ይከብዳል። መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ. ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 10 ቀን 2025 ነው። አንድ ጸሓፊ ይህን ቀን ዘመኑን ሳይለውጥ 30/1/2018 ብሎ ቢጽፍ፥ ፈረንጁ የሚያነበው ጃኑዋሪ 30 ቀን 2018 ብሎ ነው፤ ይህም ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላይ ወደ ኋላ የሄደ ቀን ነው። የአውሮፓውን አቆጣጠር ብንጽፍም 5/6 የሚለው ለአሜሪካዊ ሜይ 6፥ ለእንግሊዛዊ ጁን 5 ነው። መድኃኒቱ ወሩን በስሙ መጻፍ ነው። ሰዓትንም በተመለከተ «በስምንት ሰዓት እደውላለሁ» ያለ ነጋዴ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቱ እንደ ሆነ ካላስረዳ፥ የሻንጋይ ደንበኛው የሚጠብቀው በሌላ ሰዓት ነው፤ ሻንጋይ ራሷ ከእኛ አምስት ሰዓት ትቀድማለችና። «የዛሬ ስምንት» የሚለው አነጋገራችንም ሰባት ቀን እንጂ ስምንት ቀን አይደለም፤ በቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ አንድ ቀን ይጨምራል፤ በባንክ ጉዳይ አንድ ቀን ደግሞ ብዙ ነው።

«አዎን» እና «ላክሁ»

ከቃላት ይልቅ የሚያሳስተው ግን ከቋንቋችን ወርሰን ሳናውቀው ወደ እንግሊዝኛ የምናሻግረው ልማድ ነው። ደንበኛው «ጭነቱ ገና አልተነሣም?» ብሎ ቢጠይቅ፥ አማርኛ ተናጋሪ «አዎን» ይላል፤ «እንዳልኸው አልተነሣም» ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ግን በዚህ ሥፍራ «የስ» ማለት «ተነሥቷል» ማለት ነው። ቻይናዊውና ጃፓናዊው እንደ እኛ ስለሚመልሱ ከእነርሱ ጋር ምናልባት እንግባባለን፤ ከአሜሪካዊው ጋር ግን ነገሩ ይገለበጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአሉታ አለመጠየቅና ሲጠየቁ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብሎ ብቻ አለማቆም፤ «ጭነቱ እስካሁን ከቡሬ አልተነሣም» ብሎ ሙሉውን መናገር ነው።

ሁለተኛው የኀላፊ ጊዜ ነው። በአማርኛ ከቤቱ ያልወጣ ሰው «መጣሁ፥ መጣሁ» ይላል፤ ሰነዱን በፖስታ ገና የሚያሽገው ጸሓፊም «ላክሁልዎ» ይላል። በአገራችን ማንም በዚህ አይታለልም። ይህንኑ በእንግሊዝኛ «ልኬአለሁ» ብሎ የጻፈ ነጋዴ ግን፥ ገዢው በማግስቱ የመላኪያውን ቍጥር ሲጠይቀው መልስ ያጣል፤ ሐሰተኛ ያልሆነው ሰው ሐሰተኛ መስሎ ይታያል። «እሺ» የሚለውም ቃላችን አንዳንድ ጊዜ «ሰማሁ» ማለት እንጂ «ተስማማሁ» ማለት አይደለም፤ በንግድ እንግሊዝኛ ግን «ኦኬ» ያለ ሰው ዋጋውን እንደ ተቀበለ ይቈጠራል።

የዕቃው ስም

ኑግ ይህን ለማስረዳት ይጠቅማል። በእንግሊዝኛ ንግድ ስሙ «ናይጀር» ሲሆን በሕንድ «ራምቲል» ይባላል። በአሜሪካ የወፍ መኖ ነጋዴዎች የቃሉ አጻጻፍ ለስድብ ቃል የቀረበ አነባበብ እያስከተለ ስላስቸገራቸው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 አጻጻፉን ለውጠው እንደ ንግድ ምልክት አስመዝግበውታል። ሦስቱም ስሞች ያንኑ ከጎጃም ደጋ የሚመረተውን ጥቁር ፍሬ ያመለክታሉ፤ የማይለወጠው ግን የሳይንስ ስሙ «ጊዞቲያ አቢሲኒካ» ነው። የበርበሬ ነገር ከዚህም የከፋ ነው። እንግሊዝኛው «ፔፐር» ቁንዶ በርበሬንም የእኛን ቀይ በርበሬም ይጠራል፤ የመጀመሪያው «ፓይፐር ኒግሩም»፥ ሁለተኛው «ካፕሲኩም አኑም» መሆኑ ካልተጻፈ ገዢው አንዱን አስቦ የሌላውን ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። «ኮርን» የሚለው ቃልም ለአሜሪካዊ በቆሎ ሲሆን በእንግሊዝ የቈየ አነጋገር ማንኛውንም እህል ይጨምራል፤ «ሜይዝ» ያለ ግን አይሳሳትም።

ጥራትንም «ጥሩ» ወይም «ንጹሕ» በማለት መግለጽ ዋጋ የለውም፤ የአንዱ ንጹሕ ለሌላው ቆሻሻ ነውና። የእርጥበት መጠን በመቶ ስንት፥ ባዕድ ነገር በመቶ ስንት ተብሎ በአኃዝ ይጻፍ። በ2000 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እህልን በደረጃ ቍጥር እየለየ ማገበያየቱ ለአገር ውስጥ ነጋዴ ያስተማረው አንዱ ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ ደረጃው በቍጥር ከተነገረ የተናጋሪው ቋንቋ የቱም ቢሆን አይለወጥም።

ሰምና ወርቅ ለውል አይሆንም

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ትምህርት የታወቁት፥ አንድ ቃል ሁለት ትርጕም እንዲሸከም ማድረግን እንደ ታላቅ ጥበብ አስተምረው ነው፤ ሰሙ አንድ ወርቁ ሌላ። በዚያም ትምህርት የሚያገለግለው ግእዝ የማንም የእናት ቋንቋ ሳይሆን ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ሁሉ ደክሞ የሚማረው ቋንቋ ስለሆነ፥ የጎጃም ሰው በተማሩት ቋንቋ መግባባት እንደሚቻል ከማንም በፊት ያውቃል። በንግድ ውል ግን ጥበቡ ይገለበጣል፤ እዚህ የሚፈለገው ሰሙም ወርቁም አንድ የሆነ ቃል ነው።

እንደዚህ ያሉትን ቃላት የሰበሰበው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1919 የተመሠረተው፥ መቀመጫው በፓሪስ የሆነው የዓለም አቀፍ ንግድ ምክር ቤት ነው። በ1936 ያወጣው፥ በየጊዜውም ያሻሻለው «ኢንኮተርምስ» በ2020 እትሙ አሥራ አንድ ቃላት አሉት። ከእነዚህ አንዱ የሆነው «ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ» ሲጻፍ፥ ሻጩ ዕቃውን በጅቡቲ ወደብ መርከብ ላይ እስኪያስገባ ድረስ ያለው አደጋ የእርሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የገዢው ነው። «ሲ አይ ኤፍ» ሲሆን ሻጩ የመርከብ ኪራይና መድን ይከፍላል፤ ሆኖም አደጋው የሚተላለፈው እንደ ቀድሞው በመጫኛው ወደብ እንጂ በመድረሻው አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊ ነጋዴ ደግሞ «ኤፍ ኦ ቢ»ን በአገሩ ልማድ በሌላ መንገድ ሊረዳው ስለሚችል፥ ከቃሉ ቀጥሎ «ኢንኮተርምስ 2020» ተብሎ መጨመር አለበት።

በነጋዴው አነጋገር ኤል ሲ የሚባለው የባንክ ክፍያ ሰነድም የራሱ ደንብ አለው። ከ1999 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራበት «ዩ ሲ ፒ 600» የተባለው ደንብ፥ «ገደማ» የሚለው ቃል ከብዛት ወይም ከዋጋ አጠገብ ሲጻፍ በመቶ አሥር ከፍ ወይም ዝቅ ማለት እንደሚቻል ይደነግጋል። ስለዚህ «100 ሜትሪክ ቶን ገደማ» ማለት ከ90 እስከ 110 ነው። ቃሉ ባይኖር በክብደት ለሚቈጠር ዕቃ የሚፈቀደው በመቶ አምስት ብቻ ነው፤ ይህም የሚወጣው ገንዘብ ከኤል ሲው ልክ እንዳያልፍ ነው። ብዛቱ «1,000 ጆንያ» ተብሎ በእሽግ ከተቈጠረ ግን ያ የመቶ አምስት ፈቃድ እንኳ ይቀራል። ከቀን አጠገብ «በዚያ ቀን ወይም ገደማ» ተብሎ ቢጻፍ ደግሞ ከቀኑ አምስት ቀን በፊትና አምስት ቀን በኋላ ያለውን ይይዛል። ባንኩ የሚመረምረው ወረቀቱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። በቡሬ መጋዘን ያለው በርበሬ የቱንም ያህል ቢያምር፥ በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ከኤል ሲው ጋር ካልተስማማ ክፍያው ይታገዳል።

ያልገባን ነገር ዋጋ

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ግልጽ ቢሆንም፥ ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር የሚያጠፋው ትልቁ ነገር ይሉኝታ ነው። ያልገባው ሰው «አልገባኝም» ማለትን ያፍራል፤ አላዋቂ ያሰኘኛል ብሎ ይፈራል፤ ወይም ሌላውን እንዳያሳፍር ይጠነቀቃል። አለን ፈርዝ የተባለው የቋንቋ ተመራማሪ የዴንማርክ ላኪዎች ከውጭ አገር ደንበኞቻቸው ጋር በእንግሊዝኛ ያደረጉትን የስልክ ንግግር መርምሮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል። በአንደኛው ንግግር ደንበኛው አይቡ በጉምሩክ መጋዘን ስለ ደረሰበት ነገር አንድ እንግዳ የሆነ ቃል ይናገራል። ዴንማርካዊው አይብ ላኪ ቃሉ ሳይገባው እንደ ገባው ሰው ያልፈዋል። ደንበኛው «ታዲያ ምን እናድርግ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ ግን መልስ መስጠት ስለማይቻለው የቃሉን ትርጕም ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ አይቡ ተበላሽቶ እንደ ሆነ ተረዳ።

ፈርዝ ከዚህ ያወጣው ትምህርት አስተዋይ ነው። ብዙ ነገር ዝም ተብሎ ቢታለፍ አይጎዳም፤ እንዲያውም በየቃሉ ማቋረጥ ወዳጅነትን ያቀዘቅዛል። ውሳኔ የሚጠይቅ ነገር ሲመጣ ግን ዝምታው ማብቃት አለበት። ሰላምታና ጨዋታ ይለፍ፤ ዋጋ፥ ብዛት፥ ጥራት፥ ቀንና የክፍያ መንገድ ግን አይለፉ።

ዝምታና ግምት የሚያስከፍሉትን ዋጋ ዓለም መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ. ም. በስፔን ግዛት በቴኔሪፍ ደሴት አይቷል። በጉም በተሸፈነው አውሮፕላን ማረፊያ የሆላንድ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ በእንግሊዝኛ የተናገረውን ቃል፥ ስፔናዊው ተቈጣጣሪ «ለመነሣት ተዘጋጅተን ቆመናል» ማለት ነው ብሎ ተረዳው፤ አውሮፕላኑ ግን መንደርደር ጀምሮ ነበር። ከአሜሪካ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 583 ሰዎች ሞቱ። ጉሙና የሬዲዮው መደናቀፍ ከምክንያቶቹ መካከል ቢሆኑም፥ ከሁለት እንግሊዛዊ ያልሆኑ ሰዎች መካከል ያለፈችው አንዲት ድርብ ትርጕም ያላት ሐረግ ድርሻዋ ትልቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ «መነሣት» የሚለው ቃል መነሻው ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደነገገ፤ የተነገረውን ፈቃድ መልሶ የማንበብም ልማድ በጥብቅ እንዲጠበቅ ተደረገ።

ነጋዴም ከዚህ የሚወስደው ዋናው ነገር መልሶ ማንበብ ነው። ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት «እንግዲህ የተስማማነው» ብሎ ዕቃውን፥ ብዛቱን፥ ዋጋውን፥ ወደቡንና ቀኑን አንድ በአንድ ይድገም፤ ሌላውም እንዲደግም ይጠይቅ። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ያልገባውም «አዎን» ይላልና። ከዚያም በዚያው ቀን በአጭር ደብዳቤ ይጽፍ፤ በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ደብዳቤው አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይኑሩት፤ ተረትና ምሳሌ አይግቡበት። «ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ለአገራችን ጨዋታ ያማረ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ለቻይና ገዢ ሲደርስ ግን ጠጁም ብርሌውም መንገድ ላይ ይቀራሉ። ቋንቋው የእናቱ የሆነ እንግሊዛዊ ወይም አሜሪካዊ በፈንታው የአገሩን ፈሊጥ ቢያበዛበት፥ ነጋዴው በቀላል ቃል እንዲነግረው ከመጠየቅ አይፈር፤ የአቪየሽን ደንብ እንግሊዛዊውን አብራሪ «ትሪ» እንዲል ካስገደደው፥ የበርበሬ ገዢም በግልጽ ቢናገር ክብሩ አይቀነስም።

ዛሬ በእጅ ስልክ የሚገኙት የትርጕም መሣሪያዎች ሥራውን ያቀልላሉ። ሆኖም «ላክሁ» የሚለውን እንደ ኀላፊ ጊዜ ሊመልሱት ይችላሉ፤ የመስከረምንም ቀን ወደ ኦክቶበር ካልለወጥነው እነርሱ በራሳቸው እንዲለውጡልን መጠበቅ አደገኛ ነው። መሣሪያው ቃሉን ያሻግራል፤ ቃሉ የያዘውን ኩንታል የሚያረጋግጠው ነጋዴው ነው።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያሉ ነጋዴዎች ልጆቻቸውን ለትምህርት ሲሰጡ እንግሊዝኛ እንዲማሩላቸው ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን በመደብሩ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ቢለጠፍ ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱን ያድን ነበር፤ በወረቀቱም ላይ የሳይንሱ ስም፥ ሜትሪክ ቶኑ፥ የወሩ ስም፥ የኢንኮተርምሱ ዓመትና «ከመዝጋትህ በፊት መልሰህ አንብብ» የሚለው ቃል ይጻፍበት። በዓባይ ማዶ ኦሮምኛ ተምሮ የነገደው የጥንቱ የጎጃም ሲራራ ነጋዴ አሞሌውን እየቈጠረ በጣቱ ያሳይ እንደ ነበር ሁሉ፥ የዛሬውም በባዕድ ቋንቋ ሲናገር ቍጥሩን አሳይቶ፥ አስደግሞና ጽፎ ይለያይ።